ስለ መኪና ድምፅ ማፈኛ ንግድ

አዳማ በመንገድ የምትኖር ከተማ ናት። ከጅቡቲ በአዋሽና በመተሐራ በኩል የሚመጣው ዕቃ በእርሷ ያልፋል። ወደ አሰላም ሆነ በሞጆ በኩል ወደ መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ የሚሄደውን ሸቀጥ ከሱቅ ደጃፍ የሚያደርሰው ግን ብዙውን ጊዜ ቫኑ ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በቫን ውስጥ የሚውለው ሹፌር ጤንነት የንግድ ጉዳይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ጉዞን አሳጥሯል። ይሁን እንጂ ፍጥነት ሲጨምር የጎማው ጩኸትና የነፋሱ ፉጨት አብሮ ይጨምራል። የበሩ ስስ ላሜራ እንደ ነጋሪት ይርገበገባል፤ ፓራፋንጎውም በኮረኮንች ላይ የጠጠር ውርጅብኝ ይቀበላል። በብዙ አገሮች ሠራተኛ በቀን 8 ሰዓት ሊቆይበት የሚፈቀደው የድምፅ ልክ 85 ዴሲቤል ነው። ከዚህ በላይ ጩኸት ጆሮን ይጎዳል፤ ከዚህ በታች የሆነውም ቢሆን ሲረዝም ያደክማል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ይኸውም ቡቲል ከተባለው ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠራ፣ ጀርባው በአሉሚኒየም የተለበጠ፣ 2 ሚሊ ሜትር ያኽል ውፍረት ያለው ልጣፍ ነው። ነገር ግን መልኩ ይህንኑ የሚመስል፣ ውስጡ ሬንጅ የሆነ ርካሽ ልጣፍም በዓለም ገበያ ይሸጣል። የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ የቆመ መኪና ላሜራን ሲያግለው ሬንጁ ይለሰልሳል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻም ከብረቱ ይላቀቃል። እንግዲህ አስመጪው ሲያዝ የልጣፉን ጥሬ ዕቃና የሚችለውን የሙቀት ልክ በጽሑፍ ሊጠይቅ፣ ባለሱቁም ይህንኑ ለገዢው ሳይሸሽግ ሊናገር ይገባዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ መጠኑ ነው። ላሜራን ከመርገብገብ ለማገድ ከስፋቱ ሩቡን እስከ ግማሹን መለጠፍ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ሙሉ ጥቅል መሸጥ እየተቻለ ግማሹን መሸጥ ኪሣራ ነው የሚል ነጋዴ ይኖር ይሆናል። ሆኖም ልጣፉ በካሬ ሜትር ከ3 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ትርፉ ነዳጅ ይበላል፣ የጭነቱንም ድርሻ ይወስዳል። ገዢው በተረፈው ገንዘብ ለፓራፋንጎው ውሃ የማይመጥ ስፖንጅና ከባድ ምንጣፍ ቢገዛ ይበልጥ ይጠቀማል፤ ሱቁም ሁለት ዕቃ ሸጠ ማለት ነው።

ሠራተኛውም የበሩን ላሜራ ከቅባትና ከአቧራ ማጽዳት፣ ልጣፉን በተሽከርካሪ መጫኛ አጥብቆ መጫን፣ ከሁሉም በላይ በበሩ ግርጌ ያሉትን የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች አለመድፈን ይኖርበታል። ውሃ የሚመጥ ጨርቅ በበር ውስጥ መጠቅጠቅም ሆነ ቀዳዳ መድፈን በክረምት ውሃ አቁሮ ላሜራውን ያዝገዋል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን ማስታወቁ ይህን ንግድ የሚያጠፋው አይደለም። የሞተሩ ድምፅ ሲጠፋ የጎማው ጩኸት ጎልቶ ይሰማልና።

የተላቀቀ ልጣፍ ይዞ የተመለሰ ደንበኛ ዳግመኛ ለመግዛት አይመጣም። ጆሮው ዐርፎ ከቤቱ የገባ ሹፌር ግን የሱቁን ስም ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ያደርሳል።