አምስት አኃዝ

አንዲት የማውቃት የሆሳዕና ወጣት ስልክ ላይ አምስት አኃዝ ያለው አጭር መልእክት ገባ። ወዲያው በአብሮ አደጓ ስም፣ «በስህተት ወደ አንቺ የሄደ ቁጥር አለ፤ እባክሽ ላኪልኝ» የሚል መልእክት ተከተለ። ላከች። ቁጥሩ የመልእክት መተግበሪያ ገጿ መክፈቻ ነበርና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከራሷ ገጽ ተባረረች። በዚያው ምሽት ጆሃንስበርግ ሱቅ ያለው ወንድሟ በእሷ ስም፣ «እማዬ ሆስፒታል ገብታለች፤ ብሩን በዚህ ሒሳብ ቶሎ አስገባ» ተባለ። አስገባ። እናትየው ግን ቤቷ ቁጭ ብላ ቡና ታፈላ ነበር።

«ደውሎ አይጠይቅም ነበር?» የሚል አይጠፋም። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ደቡብ አፍሪካ ልጅ ወይ ወንድም የሌለው ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። ስንቱ ቤት የቆመው ከዚያ በሚላክ ገንዘብ ነው። እናት ታመመች ሲባል ቆሞ የሚያጣራ ልጅ የለም፤ ሌባውም ይህን ያውቃል።

አቤቱታው የት ይሂድ? ገጹ የተሰረቀው ሆሳዕና፣ ገንዘቡ የወጣው ከደቡብ አፍሪካ፣ ሒሳቡ የተከፈተው አዲስ አበባ በሌላ ሰው ስም፤ የመተግበሪያው ባለቤት ደግሞ ሌላ አህጉር ነው። የጽሑፍ ማመልከቻ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ብሩ በዚያው ሌሊት ወጥቷል።

ሕግ አጥተን አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለን፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። አፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ማላቦ ላይ ያጸደቀው የሳይበር ደኅንነት ስምምነት ሥራ ላይ ለመዋል ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶበታል። የተባበሩት መንግሥታት የሳይበር ወንጀል ስምምነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ጸድቆ በጥቅምት 2025 ሃኖይ ላይ ለፊርማ ቀረበ፤ ሥራ ላይ የሚውለው 40 አገሮች ሲያጸድቁት ነው። አገሮች ቀን ከሌት የሚገናኙበት ተጠሪ እንዲኖራቸው ያዛል። ለዚህች ልጅ የሚጠቅማት ይኸው አንቀጽ ነው፤ ገንዘቡ ሳይወጣ ሒሳቡን ማገድ የሚቻለው በሰዓታት ውስጥ ብቻ ነውና።

ያው ስምምነት ግን መንግሥታት የሰው መረጃ እንዲለዋወጡም በር ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የዓለም የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ አዲስ አበባ ሲካሄድ፣ ትግራይ ለሁለት ዓመት ያህል ኢንተርኔት ተቋርጦባት ነበር። ይህን ያየ ሰው፣ መንግሥት በመረጃው ላይ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚያገኘው ሥልጣን ቢያስፈራው አይፈረድበትም። ስለዚህ ስለ ስምምነቱ የሚወስኑት ኃላፊዎቻችን ሁለቱንም አጥብቀው ይያዙ፤ የዳኛው ፊርማም ይኑር፣ ኩባንያዎቹም ለሆሳዕና አቤቱታ እንደ ለንደኑ ፈጥነው ይመልሱ። አቤቱታው በሀዲይሳና በከምባትኛም ይሰማ።

ገጹ እስካሁን አልተመለሰላትም። ባለፈው ሳምንት በእሷ ስም ለእኔም «ብር አበድረኝ» የሚል መልእክት ደርሶኛል።