ከዘይቱ በፊት ማድረቅ ይቅደም

ክረምቱ ሲያልፍ የጎተራው ማገር፣ የማኅበሩ መጋዘን ወጋግራና ለትምህርት ቤት ጥገና የተከመረው ጣውላ ሻጋታ ለብሶ መገኘቱ በብዙ ቀበሌዎች የተለመደ ነው። ብናኙ እህሉ ላይ ያርፋል፤ የሚያጸዳውንም ሰው ደረት ያውካል። ይህን ለመከላከል ሲባል እንጨቱን የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡ አሉ። እህል በሚነካው እንጨት ላይ ይህን ማድረግ ግን መርዝን ከምግብ ጋር ማስቀመጥ ነው።

አማራጩ ከደጃችን አይርቅም። የጦስኝ ጠንካራ ሽታ የሚመነጨው ታይሞልና ካርቫክሮል ከተባሉ፣ ሻጋታን ከሚገቱ ንጥረ ነገሮች ነው። በ1999 ዓ.ም. የታተመ የአሜሪካ የደን ውጤቶች ላቦራቶሪ ጥናት 7 የዕፀዋት ዘይቶችን ፈትኖ፣ የጦስኝ ዘመድ በሆነው በታይም ዘይት ወይም በግብፅ ጄራንየም ዘይት የተነከረ የፓይን እንጨት ለ20 ሳምንታት ከተሞከሩት 3 የሻጋታ ዓይነቶች መጠበቁን አረጋግጧል።

ይሁን እንጂ ዘይቱ ብቻውን መፍትሔ አለመሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ዘይቱ ተንኖ ያልቃል፤ ጣሪያው የሚያፈስን ቤትም ሆነ ምስጥ የገባበትን ምሰሶ አያድንም። ስለዚህ አስቀድሞ ጣውላው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት ገብቶበት፣ ነፋስ እያገኘ በጥላ ሥር ይድረቅ። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች በሆነ እንጨት ላይ ሻጋታ በቀላሉ አይበቅልም።

ዘይቱን የማውጣቱ ዘዴ ለአረቄ አውጪ እናቶቻችን እንግዳ አይደለም፤ ቅጠሉ በእንፋሎት ይበስላል፣ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ከውኃው በላይ ይንሳፈፋል። የሚገኘው መጠን ግን ከቅጠሉ ብዛት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። በዚህ ምክንያት የዱር ጦስኝን ከነሥሩ መንቀል ተራራችንን ማራቆት ስለሚሆን፣ በጓሮ ማልማት ግድ ይላል። ዘይቱ በእሳት ስለሚቀጣጠልም ከምድጃና ከሕፃናት ይራቅ።

የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በወሬ ሳይሆን በዓይን አይቶ የሚያምን አባል እንዳላቸው ያውቃሉ። እንግዲያው በመጪው ክረምት ከአንድ ግንድ የተሰነጠቁ ሁለት ደረቅ ጣውላዎች፣ አንዱ ዘይት ተቀብቶ፣ ሌላው ሳይቀባ፣ በመጋዘኑ ጥግ ጎን ለጎን ይቀመጡ። መስከረም ሲጠባ አባላት ተሰብስበው ይዩ፤ የማኅበሩ ገንዘብ የሚወጣውም ከዚያ በኋላ ይሁን።