ሪፖርት የራሱ ሰርቨር ይኑረው

የበጀቱ ዘመን በሰኔ 30 ቀን ሊዘጋ ሲቃረብ፣ ከወረዳ እስከ ሚኒስቴር ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ የዓመቱን ክንውን በአንድ ጊዜ አጠቃልሎ ለማየት ስለሚሻ፣ የዕለቱን ሥራ ቀን ከሌት የሚመዘግበው የዳታቤዝ ሰርቨር ያን ሁሉ ጠያቂ ብቻውን ይሸከማል፤ ደረሰኝ የሚቈርጠውም ሠራተኛ የኮምፒውተሩ ገጽ ደርቆበት ባለጉዳዩን «ሲስተም የለም» ብሎ ለመመለስ ይገደዳል።

ከዚህ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚከተለው የትልቅ ማሽን ጨረታ ነው። እኔ ግን የችግሩ ሥር ከማሽኑ ማነስ ይልቅ በጠባይ የማይስማሙ ሁለት ሥራዎች በአንድ ሜሞሪና በአንድ ዲስክ ላይ መጫናቸው ነው እላለሁ። ምዝገባ ጥቂት መስመር ነክቶ ያልፋል፤ የዓመት ሪፖርት ግን የመዝገቡን ምልአት ከዳር እስከ ዳር ያገላብጣል፤ ይህም ቁም ጸሐፊው ቀለሙ ሳይደርቅ ብራናውን ከእጁ እየነጠቁ እንደ ማንበብ ነው። የሠንጠረዥ ዳታቤዝን መሠረት በ1970 እ.ኤ.አ. የጣለው ኤድጋር ኮድ ራሱ፣ በ1993 የትንተና ሥራ የራሱን ሥርዐት እንደሚሻ ጽፏል። የጤና ሚኒስቴራችን የሚገለገልበትና ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚወጣው ዲኤችአይኤስ 2ም የሪፖርቱን ሠንጠረዦች ከዕለት መዝገቡ ለይቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት፣ አስቀድሞ ያዘጋጃል።

ስለ ዳታቤዙ ሶፍትዌር ምርጫ ብዙ አልናገርም። የኤስኪውኤል ሰርቨር ነጻ ዕትም የሆነው ኤክስፕረስ እስከ 2022ቱ ሥሪት ድረስ ለአንድ ዳታቤዝ ከ10 ጊጋባይት በላይ ስለማይፈቅድ፣ የብዙ ዓመት መዝገብ ላለው መሥሪያ ቤት ይጠበዋል፤ ፖስትግሬስ ግን የፈቃድ ክፍያም ይህን የመሰለ ገደብም የለበትም፤ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ከዋናው ሰርቨር እየተከተለ የሚገለበጥና ለንባብ ብቻ የሚከፈት ቅጂ ለማቆም ያስችላል።

ነገር ግን መጫን ብቻውን ማደራጀት አይደለም። ፖስትግሬስ ሲጫን ለጋራ ሜሞሪ የሚይዘው 128 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ፣ ለዳታቤዝ ብቻ በተመደበ ማሽን ላይ ወደ ጠቅላላው ሜሞሪ ሩብ ከፍ ሊደረግ ይገባዋል። በቅጂው ላይ የሚሠራ ረጅም ሪፖርትም ከዋናው ከሚመጣው ለውጥ ጋር ሲጋጭ፣ የመታገሻው ልክ ካልተራዘመ በቀር ከ30 ሴኮንድ በኋላ ሊቋረጥ ይችላል። የሪፖርቱ ሶፍትዌር የሚገባበት ስምም የማንበብ እንጂ የመጻፍ ሥልጣን ከቶ አይሰጠው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ፣ ይህ ቅጂ እንደ መጠባበቂያ መቈጠሩ ነው። በዋናው ላይ በስሕተት የተሰረዘ መዝገብ በቅጽበት ከቅጂውም ይሰረዛልና፣ በሌላ ስፍራ የሚቀመጥ ባክአፕ ግድ ነው፤ ባክአፑም በባዶ ማሽን ላይ ተመልሶ እስኪታይ ድረስ እንዳለ አይታመን። የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጁ ኃላፊዎች ከፕሮሰሰሩ ዓይነት አስቀድመው ይህን ፈተና እንዲጽፉበት አጥብቄ እለምናለሁ፤ ፈተናውንም አሸናፊው ነጋዴ ብቻውን ሳይሆን፣ ሰርቨሩን ወደፊት የሚጠብቀው የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ በገዛ እጁ ይፈጽመው።