ከዕድር ጸሐፊው ለኮርሱ

ውድ የኦንላይን የዳታ ትንተና ኮርሴ፣

ሰርተፍኬትህን አሳትሜ ግድግዳ ላይ ከሰቀልኩ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ምስጋናዬ ግን እስከ ዛሬ ውዝፍ ነበር።

ስመዘገብ ብዙ አልጠበቅሁብህም። የዕድራችንን የስምንት ዓመት መዋጮ ከመዝገብ ወደ ኤክሴል ገልብጬ፣ ውዝፍ ያለበትን የሚለይልኝ ፈልጌ ነው። የሌሊት ጥቅል እየገዛሁ፣ የመምህሩን ፈጣን እንግሊዝኛ አዘግይቼ እየሰማሁ ጨረስኩህ።

ካንተ በፊት ሰንጠረዡን ቻትጂፒቲ ለተባለው ቻትቦት ለጥፌ «ድምሩ ስንት ነው?» እል ነበር። ቅንጣት ሳያመነታ ይመልስልኛል፤ እኔም አምን ነበር። ቀጣዩን ቃል እየገመተ እንደሚጽፍ፣ በራሱ እንደ ካልኩሌተር እንደማይደምር ያስረዳኸኝ አንተ ነህ። ቻትጂፒቲ ፋይል ተቀብሎ የፓይተን ኮድ እየጻፈ የሚያሰላበት መሣሪያ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 ለከፋይ ደንበኞች መቅረቡንም አላውቅም ነበር። ዛሬ «ኮዱን አሳየኝ» ሳልል ቁጥር አልቀበልም።

ትልቁ ውለታህ ግን «ከመተንተንህ በፊት አጽዳ» ያልከኝ ነው። ጳጉሜ 3ን 3/13 ብዬ ነበር የመዘገብኩት፤ ቻትቦቱ እንደ አሜሪካኖች ወሩን አስቀድሞ አንብቦ ማርች 13 አደረገው። 30/2 ብዬ የጻፍኩት ጥቅምት 30 ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 ሆነበትና ቦታውን ባዶ ተወው። በዚያ ቀን የከፈሉት ሁሉ እንዳልከፈሉ ተቆጠሩ! ከዚህ የባሰው ስም ነው። አንድ ገጽ ላይ ፀሐይ፣ ሌላው ላይ ጸሀይ ብዬ ስለጻፍኩ አንዲት እናት ሁለት ሰው ሆኑ፤ አንዷ ከፋይ፣ አንዷ ባለዕዳ። ያን ዝርዝር ጉባኤ ላይ አንብቤው ቢሆን ኖሮ በምን ዓይኔ አያቸው ነበር?

ፋይል ከመጫኔ በፊት የአባላቱን ስም በቁጥር መተካትንም ያስለመድከኝ አንተ ነህ።

አንድ ነገር ግን አላስተማርከኝም፦ ፊደላችን ግራፍ ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሲወጣ ምን እንደሚደረግ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን ፎንት አብሬ መጫን እንዳለብኝ የደረስኩበት ሦስት ሌሊት ታግዬ ነው። አልተቀየምኩህም።

የዕድራችን ዳኛ ዛሬም ሪፖርቴን በእጃቸው ሳይደምሩ አይፈርሙም። ድሮ ቅር ይለኝ ነበር። አሁን ወንበር ስቤ አብሬያቸው እደምራለሁ።

አክባሪህ፣
የዕድሩ ጸሐፊ