በጓሮ ቅጠል የተጋገረ ገና

ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የተያዘው ጾመ ነቢያት ተፈጽሞ በዓለ ልደት ታኅሣሥ 29 ቀን (በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ቀን) በሚከበርበት በዚህ ወራት፥ ከሱቅ የሚሸመተው የፕላስቲክ ጥድ በየሳሎኑ እየገባ ቢሆንም፥ ይህ እትም ፊቱን ወደ ቦሬ መልሷል።

ከሐዋሳ በሀገረ ሰላም በኩል ወደ ነገሌ ቦረና የሚዘልቀው መንገድ ወደ ቆላው ሳይወርድ የሚያገኛት ይህች የጉጂ ደጋ ከተማ እንሰት የማይታጣባት በመሆኗ፥ የድፎ ዳቦው መጠቅለያ ከጓሮ ይቆረጣል፤ የቤቲቱ እመቤት ቅጠሉን በእሳት ለብለብ አድርጋ፥ ምጣዱ ላይ አንጥፋ፥ ኩፍ ያለውን ሊጥ ከገለበጠችበት በኋላ በላዩ ሌላ ቅጠል ደርባ ትከድነዋለች፤ መዓዛውም ቄጠማ ከሚጎዘጉዙት ልጆች ጀምሮ እስከ ጎረቤት ይደርሳል። ለእኔ ከተገዛ ኬክ ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል፤ አድልዎ ከተባለም ይባል። በአገሩ የሚበዙት ወንጌላውያንም በዓሉን በዚያው ዕለት ያከብራሉና፥ ዳቦው ከደጅ ወደ ደጅ ይመላለሳል።

በሚቀጥሉት ገጾች የጠላ አጠማመቅን፥ ዶሮን በ12 ብልት የማውጣትን ሥርዓት፥ እንዲሁም አባቶች ለልጆቻቸው የገና ዱላ እንዴት መርጠው እንደሚቆርጡ ታገኛላችሁ፤ ዶሮው ጊዜ ይፈልጋልና ከእርሱ ብትጀምሩ መልካም ነው።