ባምባሲ፣ መብረቅና ጎርፍ፦ ማስጠንቀቂያውን ማን ይናገር?

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል ያገራችን ሰው። ከክረምት አደጋ ጋር ያለን ነገርም ይኸው ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ድሬዳዋን ሲያጥለቀልቅ ብዙው ነዋሪ ተኝቶ ነበር፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ ነው፤ ጎርፉ የመጣው ከላይ ከደጋው ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በጎፋ ዞን ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ የተቀበሩ ወገኖቻቸውን ሊያወጡ የሮጡትን ሰዎች ተከታዩ ናዳ ቀበራቸው።

ይህን ያነሳሁት ስለ ባምባሲ ለመናገር ነው። ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት በሚዘልቅበት በዚያ አካባቢ ገበሬው ማሳ ላይ ይውላል፤ ዝናብ ሲመጣም የማንጎ ዛፍ ሥር ይጠለላል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳን ስደተኞች የተጠለሉትም እዚያው ነው። መብረቅ አንድ ሁለት ሰው እየለየ ስለሚገድል ዜና አይሆንም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ግን በሰሜን ኡጋንዳ፣ ፓላቤክ በተባለው የስደተኞች ሰፈር፣ ለጸሎት የተሰበሰቡ ሰዎች ላይ መብረቅ ወርዶ 14 ገድሏል፤ 34 አቁስሏል።

ጥንቃቄው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ነጎድጓድ ከተሰማ መብረቁ ሊደርስብን ይችላል ማለት ነው። ከዛፍ ሥር፣ ከሽቦ አጥርና ከሜዳ መራቅ ያስፈልጋል። የሳር ጎጆ ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያስጥልም፤ በደንብ የተሠራ ትልቅ ሕንፃ ወይም የብረት ጣሪያ ያለው መኪና ይሻላል። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ነው። በመብረቅ የተመታን ሰው መንካት የሚፈሩ አሉ። ሰውነቱ ኤሌክትሪክ ይዞ አይቀርምና ፈጥኖ መርዳት ሕይወቱን ያተርፋል። ወንዝ ድንገት ደፍርሶ ግንድና ቅጠል ይዞ ከመጣ ከላይ ዘንቧል፤ መሸሽ እንጂ መሻገር አይገባም። ከጉልበት በታች የሆነ ፈጣን ውኃ ጎልማሳ ይጥላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነው መኪና ይወስዳል።

ይሁንና ሁሉን በገበሬው ጫንቃ ላይ ጥሎ መሄድ አይቻልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 89(3) የተፈጥሮና ሰው ሠራሽ አደጋ እንዳይደርስ የመከላከል፣ ሲደርስም እርዳታ በወቅቱ እንዲደርስ የማድረግ ኃላፊነትን የጣለው በመንግሥት ላይ ነው። «ይህ መርሕ ነው፤ ክስ አይመሠረትበትም» የሚሉኝ የሙያ ባልደረቦች አሉኝ። ይሁን። አንቀጽ 85 ግን ማናቸውም የመንግሥት አካል ሕግና ፖሊሲ ሲያስፈጽም በእነዚህ መርሖች እንዲመራ ያዛል። መርሑ ፍርድ ቤት ባይደርስ እንኳ የወረዳ በጀት ላይ መድረስ አለበት።

ስለዚህ ጥያቄዬ ቀላል ነው። የሚቲዎሮሎጂ ትንበያው ከአዲስ አበባ ወጥቶ በበርታ፣ በማኦ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ቀበሌ ይደርሳል ወይ? የስልክ ኔትወርክ ሲጠፋስ? የመስጊድ ድምፅ ማጉያና የቤተ ክርስቲያን ደወል አሉ፤ ማን መቼ እንደሚያሰማቸው አስቀድሞ ይወሰን። ትምህርት ቤቶች የመብረቅ መከላከያ ይተከልላቸው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። አለበለዚያ ከቀብር በኋላ የሐዘን መግለጫ ማውጣት ጅቡ ከሄደ በኋላ መጮህ ነው።