ዱካ ስጧቸው!

ሮቢት ላይ በዚያ ሙቀት ቆመው የሚውሉ አስተናጋጅ እህቶቻችን እግራቸው ያብጣል፤ የአንዳንዶቹም የባት ደም ስር ተጠማዞ ይወጣል። «ድካም ነው» ይባላል። ቫሪኮስ ቬይን ቢሆንስ? ደሙን ወደ ላይ የሚያሳልፉት የደም ስር ቫልቮች ሲላሉ ተመልሶ ታች ይጠራቀማል፤ ችላ ሲባል ቁርጭምጭሚት አካባቢ አልድን የሚል ቁስል ሊያመጣ ይችላል።

የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የተበላሸውን ስር በሌዘር ወይም በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት መዝጋትን ያስቀድማል። ደግ ነው፤ ግን ሌዘር ፍለጋ ከከተማ ከተማ መንከራተት በአስተናጋጅ ደሞዝ አይታሰብም። ጥብቁን ካልሲም (በዚያ ሙቀት ማን ይችለዋል?) ሐኪም የእግሯን የደም ዝውውር ሳያይ ማጥለቅ አደጋ አለው።

በየመሃሉ ቁጭ ብሎ እግርን ከፍ ማድረግ ቫልቩን ባይጠግንም እብጠቱን ያቀላል። የቡና ቤት ባለቤቶች፣ እንግዳ በሌለ ሰዓት ሠራተኛችሁ ዱካ ላይ ብትቀመጥ ምናችሁ ይጎድላል?